ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው ልጅ ጥፋተኛ አይደለም

አባቶችና እናቶች! በዛሬው ትምህርታችን ብዙ ሰው አፍሮ የሚደብቀውን ነገር እናነባለን። ልጅ ሌሊት ቁርበቱን አርጥቦ ሲነሣ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ይገረፋል። እኩዮቹም ይስቁበታል። ታዲያ ዱላው ሽንቱን አቁሞት ያውቃል? አያውቅም። ሌላ መንገድ መኖሩን ለመረዳት የእንግሊዝ አገርን ታሪክ እንይ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በ1907 አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት በሐኪም እንዲታዩ አዘዘ። ነገር ግን መታየት ብቻውን አያድንም። ድሃ ቤተሰብ የመታከሚያ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በ1944 የወጣው ሕግ ተማሪዎች በነጻ እንዲታከሙ አደረገ። በ1946 ለተማሪዎች ሁሉ ወተት በነጻ መታደል ጀመረ። በ1948 ደግሞ ሕዝቡን ሁሉ በነጻ የሚያክም የመንግሥት የጤና አገልግሎት ተቋቋመ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሌሊት ሽንት ለሚያመልጣቸው ልጆች የሚሆኑ ክሊኒኮች በየከተማው ተከፈቱ። ክሊኒኮቹ ለቤተሰብ አንድ መሣሪያ ያውሱ ነበር። መሣሪያው እንዲህ ይሠራል፦

ወንፊት የመሰሉ ሁለት የብረት ንጣፎች ከልጁ በታች ይነጠፋሉ። በመካከላቸው ጨርቅ አለ። ንጣፎቹ ከባትሪ ድንጋይና ከደወል ጋር ተያይዘዋል። ጨርቁ ደረቅ ሲሆን ደወሉ ዝም ይላል። ሽንት ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ ጨርቁ እንደረጠበ ደወሉ ይጮሃል። ልጁ ይነቃል፤ ተነሥቶም የቀረውን ውጭ ይሸናል። ለሳምንታት እንዲህ ሲደረግ፣ ልጁ ደወል ሳይጮህ መንቃት ወይም ሽንቱን ይዞ ማደር ይለምዳል።

በ1938 ሞውረር የሚባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ይህን ዘዴ በ30 ልጆች ላይ ሞክረው ሁሉም ደርቀው ማደር ችለው ነበር። ሁሉንም ልጅ ያድናል ማለት ግን አይደለም። ቢሆንም ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

አያችሁ? ደወሉ አይማታም፤ አይሳደብም። የሚያደርገው መቀስቀስ ብቻ ነው። ልጁ እኮ ተኝቶ ነው የሚሸናው! አውቆ አያደርገውም። አንዳንዱ ልጅ የሽንት ፊኛው ሲሞላ አይነቃም። አንዳንዱ ሌሊት ብዙ ሽንት ያመነጫል። ነገሩ በዘርም ይመጣል። እስከ 5 ዓመት ድረስ የተለመደ ነው። ብዙዎቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል።

ደወል በሌለበት ቤት ምን ይደረግ?

1. ልጁን አትምቱት፤ አታሳፍሩት።
2. ቀን ውኃ አትከልክሉት። ወደ መኝታ ሰዓት ግን ይቀንስ።
3. ከመተኛቱ በፊት ይሽና።
4. የሆድ ድርቀት ካለበት ይታከም፤ ድርቀት ፊኛን ይጫናል።

ልጁ ሲሸና ካመመው፣ ቀንም ካመለጠው ወይም ለብዙ ወራት ደርቆ ካደረ በኋላ እንደገና ከጀመረው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ውኃ ጥሙ ከበዛና ከከሳ ግን አንድ ቀንም አትቆዩ፤ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄዎች
1. የ1907ቱ ሕግ ምን አዘዘ? የ1944ቱስ ምን ጨመረበት?
2. ደወሉ የሚጮኸው ለምንድን ነው?
3. ልጅን መምታት ለምን አይጠቅምም?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን ትምህርት አንብቡለት።