አቡጀዲ ላይ የሚሠፍር ሰፈር

ታክሲ ውስጥ «ኢምፔሪያል ወራጅ አለ!» የሚል ተሳፋሪ ስለ ሆቴል አያስብም። ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው ከኢምፔሪያል ሆቴል ነው። ካዛንቺስም የተጠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ በነበረ ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው። በ2017 ዓ.ም. በርካታ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሲዛወሩ ስሙ እዚያው ቀረ፤ ጉርብትናው ተበተነ። ትዝታ መሰብሰብ ያለበት ሰፈር ሳይበተን ነው።

ትዝታ የመሰብሰቡ ሥራ የአንድ ቦታን ስም ጠርቶ በመጠየቅ ይጀምራል። «የሰፈሩን ታሪክ ይንገሩን» የተባሉ አዛውንት በሬዲዮ የሰሙትን ይደግማሉ። «ቀለበት መንገዱ ሳይሠራ ወደ ገርጂ በየት በኩል ይሻገሩ ነበር?» ሲባሉ ግን እጃቸው ይነሣል፤ አየር ላይ መንገድ ይሥላሉ።

ተናጋሪ በመጠቆም የዕድር ጸሐፊን የሚያህል የለም። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደለቀቀ መዝገቡ ያውቃል። የሰው ጉዳይ ስላለበት ግን መዝገቡ ያለ ዕድሩ ዳኛ ፈቃድ ፎቶ አይነሣም።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል፤ ጥሪ እንዳይገባበት «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ይደረጋል። በክረምት ከሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ከንቱ ልፋት ነው። ቡናው እስኪወቀጥ ይጠበቃል፤ ጨዋታው የሚደራው ሲፈላ ነው። ተናጋሪው ስማቸውን፣ ቀኑንና ማን እንዲሰማው እንደፈቀዱ መጀመሪያ ላይ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ።

የአልበም ፎቶም ምስክር ነው፤ ዋናው ግን ከቤት አይወጣም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የተሠራው ከየቤቱ በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች ነው፤ በሠርግ ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ ኋላ አጥሩም መኪናውም ይታያል። ፎቶው በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከፊትም ከጀርባም ይነሣል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው አንዳንዴ ከፊቱ ይበልጣል።

ከዚያ የሰፈሩን ካርታ ለመሣል ሦስት ሜትር አቡጀዲ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ይዘረጋል። ግድግዳ ላይ መሣል ያምራል፤ አጥሩ ሲፈርስ ግን ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። አቡጀዲ ተጠቅልሎ ኮንዶሚኒየም ይገባል። አዛውንቱ መንገዱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የቧንቧውን ወረፋ በከሰል ያሰምራሉ። ከሰል የተመረጠው በመዳፍ ስለሚጠፋ ነው፤ «ኧረ ወፍጮ ቤቱ እዚህ አልነበረም!» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ካልተስማሙ ሁለቱም ቦታ ይሣላል። ልጆች ቀለም የሚቀቡት ክርክሩ ሲያልቅ ነው፤ ይህም አንድ ቅዳሜ ላይበቃው ይችላል።

የቀረጻው ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ በፍላሽ ይሰጣል፤ አንዱ ዕድሩ ዘንድ፣ አንዱ ከሰፈሩ ውጭ ይቀመጣል። «ድምፅ 014» ተብሎ የተተወ ፋይል ከዓመት በኋላ ፈላጊ አያገኘውም፤ የተናጋሪው ስም፣ ሰፈሩና ቀኑ የዚያኑ ዕለት ማታ ይጻፍበታል።