የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስለ ስኳር በሽታ ሊያውቁት የሚገባ ትምህርት

ጤና ማለት የአካልና የአእምሮ ደኅንነት በአንድነት ሲገኝ ነው። አእምሮን ብቻ አክሞ ሥጋን መርሳት፣ የቤቱን ግማሽ ከድኖ ግማሹን ለዝናም እንደ መተው ይቈጠራል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ትምህርት ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በስኳር በሽታ እንዳይያዙ፣ ቢያዙም በጊዜ ታውቆላቸው እንዲታከሙ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ለመግለጽ ነው። እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንደሚደርስ በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ምርመራ አሳይቷል።

ጉዳዩ ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚገኘው ከመርካቶ ወዲያ፣ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ ነው። መድኃኒቱን ከዚያ ወይም ከአንድ ጤና ጣቢያ እየተቀበለ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ራስ መኰንን ድልድይ ባለው ሰፈር በሥራውና በቤቱ በሰላም የሚኖር ጎረቤት አለ። ሆኖም የአእምሮ ሕመም እንደ ነውር ስለሚታይ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ይደብቃሉ፤ ተደብቆ የሚኖር ነገር ደግሞ መካሪ አያገኝም።

መድኃኒቱ ለምን ስኳርን ያመጣል?

የምንበላው እህል በሆድ ውስጥ ተለውጦ በስኳር መልክ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ለሥጋችን ኀይል እንዲሆን ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዝ ሲለው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሎ አድሮም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጎዳል።

ከአእምሮ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን በብርቱ ይቀሰቅሳሉ፤ ሰውየው ይወፍራል፤ ውፍረቱም የኢንሱሊንን ሥራ ያሰናክላል። ከዚህም በቀር ጥቂቶቹ ውፍረት ሳይጨመር በቀጥታ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። በዚህ ረገድ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ናቸው፤ ክሎርፕሮማዚን፣ ኩዌቲያፒንና ሪስፔሪዶን ይከተላሉ፤ የሃሎፔሪዶል ጉዳት በዚህ በኩል አነስ ያለ ነው። አሚትሪፕቲሊንና ቫልፕሮየትም ክብደትን ሊጨምሩ ይችላሉ።

መድኃኒትን በገዛ ፈቃድ ማቆም አይገባም

ይህን ያነበበ ሰው ደንግጦ እንክብሉን እንዳይጥል አጥብቀን እናሳስባለን። ክሎርፕሮማዚን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ፓሪስ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ከመሰጠቱ በፊት፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይህን ያህል የሚረዳ መድኃኒት በሐኪሞች እጅ አልነበረም። መድኃኒቱን በድንገት ያቆመ ሰው ሕመሙ ተመልሶ ሊነሣበት፣ ሥራውንና ትዳሩን ሊያጣ፣ በራሱም ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ስጋቱን ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል፣ በሌላ ሊለውጥለት፣ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ሊጨምርለት ይችላል።

በሌላ በኩል የሥጋን ሕመም ችላ ማለት የሚያስከትለውን በአገራችን አይተናል። በቡታጅራ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ 121ዱ መሞታቸውን፣ የሞቱትም ከዕድሜያቸው 30 ዓመት ያህል ቀድመው መሆኑን ገልጿል። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነበር። የአእምሮ ሕመምተኛ ሥጋው ካልተጠበቀለት ዕድሜው እንደሚያጥር ከዚህ እንረዳለን።

ስለ ውፍረትና ስለ አፍ መድረቅ

በአገራችን ልማድ ከሕመም የተነሣ ሰው ሲወፍር «ተስማማው፣ አማረበት» ይባላል። ምስጋናው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ በጥቂት ወር ውስጥ ልብሱ ለጠበበው ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የአፍ መድረቅ ነው። ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ምራቅን ያደርቃሉ። ሕመምተኛው ይህን ለማርጠብ ለስላሳ መጠጥ ወይም ስኳር የበዛበት ጭማቂ ይገዛል። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ፣ ማለት ከ7 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር ይገኛል። አንድ ሰው በቀን 4 ስኒ ሻይ በ3 በ3 ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ፣ በወር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር በሻይ ብቻ ይወስዳል። ለደረቀ አፍ የሚሻለው ውሃን በየጊዜው መጎንጨት ነው።

ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳር ሳይኖርበት ብዙ ሊጠማና ብዙ ሊሸና ይችላል። እርሱ ውሃንም ሆነ ጨውን በገዛ ፈቃዱ መቀነስ የለበትም፤ የሊትየሙ መጠን በደሙ ውስጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላልና። የሁለቱን ልዩነት የሚያሳውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

መለካት

1ኛ/ መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት ይለካ።

2ኛ/ ክብደት በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየ3 ወሩ ይታይ።

3ኛ/ የደም ስኳር በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር። ለ8 ሰዓት ሳይበላ ቈይቶ የተለካ ስኳር በአንድ ደሲሊትር ደም 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀንም ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሌላውም አትክልት ይዘውተር፤ እንጀራው በልክ ይሁን፤ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ኬክ ይቀነስ። ለእንቅስቃሴ ገንዘብ አያስፈልግም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚያወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በርታ ብሎ ለሚሄድ ሰው በቂ ነው።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊጾም ሲያስብ አስቀድሞ ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር፤ ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነውና።

ቤተ ሰብ እንዳይሳሳት

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ይህን ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ ሲወርድ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይቈጣል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ቤተ ሰብ «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ ከመያዙ ወይም ከማሰሩ በፊት ስኳሩን ያስብ። መዋጥ የሚችል ከሆነ በውሃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሰጠው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገም። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንዲሁም ብዙ ተጠምቶና ሸንቶ የሚያስመልሰው፣ በረጅሙና በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ የሚሸት፣ የሚፈዝም ሰው ቢገኝ ሰካራም ወይም የአእምሮ ሕመሙ የባሰበት ነው አይባል፤ ስኳሩ ከልክ አልፎ ይሆናልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ።

የመምህራን ድርሻ

መምህራን ሆይ! በክፍላችሁ ካሉት ልጆች መካከል አባቱ ወይም እናቱ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ይኖራል። የማንንም ምስጢር ሳትነኩ፣ የስኳር መውረድን ምልክትና እርዳታውን እንደ ማንኛውም የጤና ትምህርት አስተምሩ። በአንድ ቤት ውስጥ ከአዋቂዎች ቀድሞ ምልክቱን የሚያውቀው ልጁ ሊሆን ይችላል። የሰፈር ሰዎችም ጎረቤታችሁን «ወፈርህ» ብላችሁ ከመቀለድ ይልቅ «መቼ ተለካህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አእምሮውን ያዳነለት መድኃኒት ሥጋውን እንዳይጎዳው የሚጠብቀው ይህ የምርመራ ልማድ ነው።