ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምናና የጤና መድን፦ ወረቀቱ ከቀዶ ሕክምናው ይቅደም

ከሐዋሳ ቱላ የሚመጡ እህቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ጡቴ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ወገቤንና ትከሻዬን ጎድቶታል። ሐኪም ቢቀነስ ይሻልሻል ብሎኛል። የጤና መድኑ ይከፍልልኛል ወይ?» ቀዶ ሕክምናው ለሕመም ከሆነ ለመጠየቅም ለመከራከርም መሠረት አላችሁ፤ ለውበት ከሆነ የላችሁም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው የእናንተን ትከሻ አያይም፤ የሚያየው ስለ ትከሻችሁ የተጻፈውን ነው። እኔ ጋ ከመጡት ጉዳዮች ብዙዎቹ የተበላሹት መብት ጠፍቶ ሳይሆን ቀን አልፎ ወይም ወረቀት ጎድሎ ነው፤ ይህን ደጋግሞ ማየት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 ለውበት ተብሎ የሚደረግን ቀዶ ሕክምና ከሽፋን ውጭ ያደርጋል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም የሚሄደው በዚሁ መስመር ነው። አዋጁ ወጥቶም ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ስለቆየ፣ አብዛኞቻችሁ በእጃችሁ ያለው የማኅበረሰብ አቀፉ ካርድ ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችሁ ይርጋለም ነበረች። እንግዲህ «ለውበት» እና «ለሕመም» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ነው ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው።

ዋናው ወጥመድም እዚያ ነው። አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ታፍራለች፤ እውነተኛውን ሥቃይ ትታ «በጣም ትልቅ ነው፣ ልብስ አይሆነኝም፣ ሰው ያየኛል» ትላለች። ሐኪሙም የነገረችውን ይጽፋል። ያቺ ካርዷ ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ከዓመት በኋላ ተመዛ ትወጣና «ታካሚዋ በመልኳ ስላልተደሰተች» ተብሎ ይነበባል። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ማስረጃ ሁሉ ለመድኑ ተብሎ የተዘጋጀ ይመስላል። መጀመሪያ የተጻፈውን በኋላ በተጻፈው ለማስተባበል የደረሰብኝን ድካም እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ያማችሁን ተናገሩ። የጡት መያዣው ማሰሪያ ትከሻ ላይ የቆፈረውን መስመር አሳዩ። በበጋ ከጡት ሥር የሚወጣውን ቁስል፣ ሌሊት የሚነሳውን የአንገት ሕመም፣ የጣት መደንዘዙን ንገሩ። እንሰት ስትፍቁ አጎንብሳችሁ የማትቆዩ ከሆነ ይህንንም በግልጽ በሉ፤ ሥራ የሚያስፈታ ሕመም ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይመዝናል። ሴት ሐኪም ብትሻሉ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳችሁም አትተዉት። ቁስሉ በተነሳ ቁጥር፣ ሕመሙ በጠና ቁጥር ጤና ጣቢያ ሂዱና ካርዳችሁ ላይ ቀኑ ይጻፍ።

በመጨረሻ ከስፔሻሊስቱ የምትቀበሉት የሕክምና ማስረጃ የበሽታውን ስም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማስታገሻም ሆነ ቅባት ወይም ፊዚዮቴራፒ ተሞክሮ እንዳልረዳ፣ የትኛውን ሥራ እንደከለከላችሁና ቀዶ ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ መያዝ አለበት። «ለቀዶ ሕክምና ትታያለች» የምትል ግማሽ መስመር ማስረጃ አይደለችም። ሐኪሙን የሌለ ነገር ጻፍልኝ አትበሉት፤ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ማውጣትም መጠቀምም ወንጀል ነው። ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ ማለት ግን መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ሪፈር ነው። በማኅበረሰብ አቀፉ መድን የሚታከም ሰው ደረጃውን ጠብቆ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ቱላ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ እንደ አዳሬ ያለ ሆስፒታል፣ ከዚያ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ብዙዎቻችሁ ግን ወረፋውን ፈርታችሁ በቀጥታ የግል ክሊኒክ ትገባላችሁ፤ እዚያ ምርመራውን ትጨርሱና «አሁን ሪፈር ጻፉልኝ» ብላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ትመለሳላችሁ። ሪፈር ከሕክምናው በፊት እንጂ በኋላ አይጻፍም። የግል ክሊኒኩ ወረቀት ሐኪሙን ሊረዳው ይችል ይሆናል፤ ከመድኑ ጋር ውል ከሌለው ግን ለክፍያ አይጠቅምም። ወደ አዲስ አበባ ከተጻፈላችሁም፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የምትሄዱበት ሆስፒታል በእናንተ መድን ውል ውስጥ መኖሩን መድን ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እዚህ ላይ አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ፣ ካንዱ ዓመት ወደ ሌላውም ይለያያል፤ አምና ጎረቤታችሁ የታከመችበት መንገድ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። መድኃኒት ቤቱ የታዘዘው መድኃኒት «የለም» ካላችሁ ማዘዣው ላይ ማኅተም አስደርጉበት፤ ከውጭ የገዛችሁበትንም ደረሰኝ ያዙ። ገንዘቡ የሚመለስበትም የማይመለስበትም ቦታ አለ፤ ያለ ማኅተም ግን የትም አይመለስም።

የካርዱንም ነገር አትርሱ። መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል፤ የማደሻው ወቅት ካለፈ ካርዱ ሽፋን የለውም፤ እንደገና ለገባ ሰው መጠበቂያ ጊዜ የሚጥሉ ቦታዎችም አሉ። ሌላው ደግሞ የልጅ ነገር ነው። ጡቷ ገና በጉርምስና ከልክ በላይ ያደገ ልጅ ሕመሟ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ሊጠና ይችላል፤ ወላጆች «ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው ያቆዩአታል። 18 ዓመት ሲሞላት በቤተሰቡ መደበኛ መዋጮ መሸፈኗ ያበቃል፤ ተጨማሪ ከፍላችሁ ካላስመዘገባችኋት የቀዶ ሕክምናው ተራ ሲደርስ ስሟ ካርዱ ላይ አይገኝም። ልደቷን ሳትጠብቁ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ተቀጣሪዎች ልምጣ፤ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በሌላም ድርጅት ያላችሁ፣ አሠሪያችሁ ከመድን ኩባንያ የቡድን የሕክምና ዋስትና የገዛላችሁ። አንዲት ደንበኛዬ የሰው ሀብት ኃላፊዋን ጠየቀች፤ እሱም «አታስቢ፣ ታክመሽ ደረሰኙን አምጪ» አላት። በቅንነት ነው ያላት። ከእህቷ ተበድራ አዲስ አበባ ሄዳ ታከመች፤ ደረሰኟን በፌስታል ጠቅልላ ተመለሰች። ኃላፊው ሥራ ለቋል። ኩባንያው «ቅድመ ፈቃድ የለም» አለ። አሠሪው «እኛ መድን ገዝተናል፣ እነሱን ጠይቂ» አለ። እኔ ጋ የመጣችው ዘመድና ሽማግሌ ለወራት ካመላለሷት በኋላ ነው።

የመድን ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1725 ይናገራል፤ የኃላፊው የአፍ ቃል ያንን ውል አያሰፋም። ስለዚህ የፖሊሲውን ቅጂ ከአሠሪያችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ለውበት የሚደረግ ሕክምና፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም፣ የዓመቱ የክፍያ ጣሪያ፣ ቅድመ ፈቃድ የሚሉትን አንቀጾች አንብቡ። ፎርሙ የቀድሞ ሕመም ከጠየቃችሁ አትደብቁ፤ የንግድ ሕጉ ቁጥር 668 አውቆ የደበቀን ሰው ውል ፈራሽ ያደርገዋል። ቅድመ ፈቃዱ በጽሑፍ፣ በቀንና በማኅተም እጃችሁ ሳይገባ ቀዶ ሕክምና ክፍል አትግቡ።

ቀኖቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው። የንግድ ሕጉ ዋስትና የተገባለት ነገር ሲደርስ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው አሳውቁ ይላል፤ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ይህ የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 ከወጣ በኋላም የጸና ነው። ጥያቄያችሁ በአሠሪው ላይ ከሆነ ግን ጊዜው እጅግ ያጥራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎችን ጥያቄ በ6 ወር ያግዳል። የሕክምና ወጪ «ሌላ ክፍያ» ነው ወይስ አጠቃላዩ የአንድ ዓመት ይርጋ ይመለከተዋል የሚለው ያከራክራል፤ ችሎቶች አንድ ዓይነት ላያዩት ይችላሉ። እናንተ ስድስት ወር ነው ብላችሁ ቁጠሩ።

ሽማግሌን አላቃልልም። በሲዳማ አፊኒና ሶንጎ የተባሉት የሽምግልና ሥርዓቶች ብዙ ቤት ያዳኑ ናቸው፤ በእነሱ የተፈታ ጉዳይ ፍርድ ቤት ባይመጣ ደስ ይለኛል። ግን ሽምግልና በተቀመጠ ቁጥር ይርጋ አይቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 ይርጋን የሚያቋርጠው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ወይም ባለገንዘቡ ክስ ማቅረቡ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ፊት «አዎ፣ እንከፍላለን» የሚል ከተገኘ እዚያው በጽሑፍ ይፈረም። ካልተገኘ ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱም ይግባ።

ስለ ብድሩም ልቆጣችሁ። «ከእህት ጋር ምን ወረቀት አለ?» ትላላችሁ። ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ነው። በሞባይል የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ብር መተላለፉን ያሳያል፤ ብድር ይሁን ስጦታ አይናገርም። በስልክ የተላኩ መልእክቶችን የሚመለከቱ ዳኞች አሉ፤ የማይመለከቱም አሉ። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ብትፈራረሙ ፍቅራችሁ አይቀንስም፤ ያ ገጽ ባለመኖሩ ግን የተኳረፉ እህትማማቾችን አውቃለሁ።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ የሕመም ፈቃድም አላችሁ፦ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ያለ ደመወዝ። ከሥራ በቀራችሁ ማግስት አሠሪውን አሳውቁ፤ የሐኪም ማስረጃውን አቅርቡ።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችንም «ለውበት» በሚለው በዚሁ ቃል ነው የምትጣሉት። እዚያ ኩባንያዎቹ የሚወጣውን ሥጋ በግራም ይጠይቃሉ፤ በአሠሪ በኩል የተገኘ መድን ሲከለክላችሁ ለይግባኝ 180 ቀን አላችሁ። በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ለተነሳና መድኗ ያንን ለሸፈነላት ሴት እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ ሌላኛውን ጡት ለማመጣጠን የሚደረገውንም ያካትታል።

ጥያቄያችሁ እዚህ ሲከለከል «አይሆንም» የሚለውን ቃል ይዛችሁ አትውጡ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የፌዴራል ተቋም ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ባይገዛበትም እንኳ ጠይቁት። ማመልከቻችሁን ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ከዚያ ለበላይ አካል አቤት በሉ፤ እምባ ጠባቂ ተቋምም ያለ ክፍያ ያያል። የፍርድ ቤት ዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ተፈቅዷል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከተፈረደባችሁ ይግባኙ 60 ቀን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ከሆነ 30 ቀን ብቻ።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ የጤና መድን ካርዳችሁን አውጡ፤ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ የቀጠሮና የሪፈር ወረቀቶቻችሁን ሁሉ በቀናቸው ቅደም ተከተል አንድ ላይ አስቀምጡና ቅጂ አስነሱላቸው።