ስለ ዋንዛና ስለ ኮሶ ዛፍ ጥቅምና አጠባበቅ

ለጎጃም ደጋ አገር አስተዳዳሪዎች፤ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች የተዘጋጀ ትምህርት።

ዛፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማገዶንና የቤት መሥሪያ እንጨትን ነው። ነገር ግን በጎጃም ምድር ሰውን የሚመግብና ከበሽታ የሚፈውስም ዛፍ አለ። ከነዚህ ዋነኞቹ ዋንዛና ኮሶ ናቸው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች በሁለቱ መካከል ትገኛለች፤ ከርሷ ዝቅ ያለው አገር ለዋንዛ፤ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው ደጋ ለኮሶ ይስማማል።

ዋንዛ፤ አበባው ነጭ ነው፤ ለንብም መልካም ቀለብ ይሆናል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ነው፤ ይጣፍጣል፤ ያጣብቃልም። እረኞችና ልጆች ለቅመው ይበሉታል፤ እህል ባጠረ ጊዜም ይረዳል። እንጨቱ ለበር፤ ለአልጋና ለከበሮ ይሆናል። የረገፈው ቅጠል የእርሻውን አፈር ያዳብራል።

ኮሶ፤ ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው የሚቆሙ ዛፎች ናቸው። ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ደርቆና ተወቅጦ፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፤ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ይህም በጥሬ ሥጋ ምክንያት የሚመጣውን ትል ያስወጣል፤ ትሉም በመድኃኒቱ ስም ኮሶ ይባላል። በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ በመጽሐፉ ጽፏል፤ ከዚያም በኋላ አበባው በኤውሮጳ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ሆኖም መጠኑ ሲበዛ ያስታውካል፤ ያደክማል፤ ዓይንንም እስከ መጉዳት ይደርሳል። ፅንስ ስለሚያስወርድ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት መጠኑ የታወቀ ስለሆነ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚቀድመው ሥጋን አብስሎ መብላት ነው። ይህን ለሕዝብ ማስረዳት የሹም ተግባር ነው።

ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለገበያ ስለሚደርስ ገበሬው ቢተክለው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ለርሱ ቦታ ለማግኘት ሲባል የቆየውን ዋንዛና ኮሶ መቍረጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፤ ዋንዛ፤ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም፤ የተከለከለበት ምክንያት አልቀረም። ስለዚህ፤

1ኛ፤ መሬት ሲመነጠር በእርሻና በወሰን ላይ ያለው ዋንዛ ይተው።

2ኛ፤ ሴቴው ኮሶ ብቻውን ዘር ስለማይሰጥ ወንዱም በአቅራቢያው ይጠበቅ።

3ኛ፤ የበሰለ የዋንዛ ፍሬ ተለቅሞ፤ ሥጋው ታጥቦ፤ ፍሬው በመደብ ይዘራ፤ ችግኙም በሰኔና በሐምሌ ይተከል።

4ኛ፤ ችግኝን ከብት እንዳይበላው በእሾህ ይታጠር፤ ጥበቃውም ለታወቀ ሰው ይሰጥ።

አሮጌ ዛፍ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ምትኩ ግን ለልጅ ልጅ እንጂ ለቈረጠው ሰው አይደርስም። ሹማምንትም ይህን አስበው በየወረዳቸው እንዲጠብቁ አደራ እንላለን።