ስለ እህል መድን ውልና በውስጡ ስለሚጻፉት ሁኔታዎች

በአገራችን በሬ ወይም በቅሎ ሲሸጥ፥ ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ለገዢው የሚመልስ መድን መጥራት የቆየ ልማድ ነው። መድን የሆነውም ሰው የሚጠየቀው ስለ ሽያጩ ብቻ ነው፤ በሬው በማግሥቱ ገደል ቢገባ ዕዳ የለበትም። የኢንሹራንስ ድርጅት የሚሰጠውም መድን እንደዚሁ ነው። በወረቀቱ ለተጻፈው አደጋ ይከፍላል፥ ላልተጻፈው አይከፍልም። ገበሬው ግን አረቦን የከፈለ እንደ ሆነ ከጉዳት ሁሉ የዳነ ይመስለዋል፤ በሹሙ ፊት የፈረመ እንደ ሆነም ይህን የበለጠ ያምናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የደነገገው ክፍል፥ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ከወጣ በኋላም አልተሻረም። በዚህ ሕግ መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ አስቀድሞ መግለጽ ይገባዋል፤ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ እንደ ሆነ ውሉ ይፈርሳል። አደጋውም በደረሰ ጊዜ ወዲያው፥ ቢዘገይም ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጭው ማስታወቅ አለበት። አምስት ቀን ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በክረምት ከጀልዱ ደጋ ወርዶ አምቦ ለመድረስ፥ ይልቁንም አስቀድሞ ከቀበሌ ደብዳቤ ለሚጠብቅ ሰው፥ ፈጥኖ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በጊንጪ ኮትቻ መሬት ስንዴው በበረዶ የተመታበት ገበሬ፥ እርጥበቱ ሳያልፍ ገልብጦ ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራ ይቸኩላል። ይህ ለእርሻው መልካም ነው፤ መርማሪው ሳያየው ያደረገው እንደ ሆነ ግን ማስረጃውን በገዛ እጁ አጠፋ።

የዋጋውም ነገር ያሳስታል። ለምሳሌ 100,000 ብር የሚያወጣ እህል በ60,000 ብር ብቻ መድን ቢገባና እኩሌታው ቢጠፋ፥ ውሉ ሌላ ካልተናገረ በቀር የሚከፈለው 50,000 ሳይሆን 30,000 ብር ነው። የቀረውን ባለ እህሉ ራሱ እንደ ተሸከመ ይቈጠራል። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ባለ ይዞታም፥ መድን የገባው የማን ድርሻ እንደ ሆነ በስም ያጽፍ።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚያሻው በአየር ጠባይ መለኪያ ላይ የቆመው መድን ነው። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሐ በምትባል ስፍራ 200 ያህል ቤተ ሰቦች ለጤፋቸው እንዲህ ያለ መድን ገቡ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቦረና ለከብት ተጀመረ፥ በዚያም የሚለካው የግጦሹ ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት እየታየ ነው። በዚህ ውል መርማሪ ወደ እርሻ አይወጣም። ልኬቱ ከተወሰነው በታች የወረደ እንደ ሆነ ይከፈላል፥ ያልወረደ እንደ ሆነ አይከፈልም። ወጭው ያነሰና ክፍያው የፈጠነ እንዲሆን የታሰበ ስለ ሆነ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ውሉ የዝናብ እጥረትን ብቻ የሚለካ ከሆነ፥ በጉደር ዳር በረዶ አዝመራውን ቢያወድመው፥ በደጋው ውርጭ ገብሱን ቢመታው፥ ዋግ ስንዴውን ቢበላው አንድ ብር አይከፈልም፤ ዝናሙ ሞልቷልና። በአንጻሩ እህሉ የደረሰለት ጎረቤት ሊከፈለው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ገበሬ ተታለልሁ ይላል፥ በሚመጣውም ዓመት ማንም ቢለምነው አይፈርምም።

ስለዚህ የወረዳ ሹም ሕዝቡን ለመድን ሲሰበስብ ውሉን በአፋን ኦሮሞ ከፍ ባለ ድምፅ ያስነብብ። ዝናሙ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቈጠር፥ ስንት ሚሊ ሜትር ሲጎድል እንደሚከፈል፥ የትኛውም ስፍራ እንደሚለካ ይጠይቅ። በሐምሌ ለተዘራ ጤፍ ቈጠራው በነሐሴ መጨረሻ የሚያበቃ ከሆነ፥ በመስከረም ዝናም ቢቋረጥ በውሉ ውስጥ አይገባም፤ አበባውና ፍሬው የሚጎዳው ግን ያን ጊዜ ነው።

አረቦኑ ከማዳበሪያ ብድር ጋር ተደርቦ የሚቈረጥ ከሆነም ለገበሬው ይነገረው፥ የውሉም ግልባጭ በእጁ ይሰጠው። መድን መግባቱን የማያውቅ ሰው ጉዳቱን በ5 ቀን ሊያስታውቅ አይችልም። የካሳው ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው አበዳሪው ከሆነ፥ ገንዘቡ አስቀድሞ ለዕዳው ይውላል፤ ለገበሬው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው።