አፈር ሲኮመጥጥ፦ አሲድ ማለት ምን ማለት ነው?

ገበሬ ወንድማችንና እኅታችን ሆይ፤ በደሴ ዙሪያ ደጋ ገብስና ባቄላ ዘርታችሁ፥ ማዳበሪያም ጨምራችሁ ቡቃያው ቢቀጭጭ፥ ዘሩን ወይም ማዳበሪያውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አፈሩ ኮምጥጦ፥ ማለት አሲድ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ገንዘባችሁ እንዳይባክን አሲድ ምን እንደ ሆነ እንማር።

የጥንት ሰው አሲድን በምላሱ ያውቀው ነበር፤ ሎሚና እርጎ ይኮመጥጣሉና። አፈር ግን በምላስ አይመረመርም። ሊቃውንት ለአሲድ ሦስት ትርጓሜ ሰጥተዋል፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ በ1880ዎቹ ስዊድናዊው አሬኒየስ፥ አሲድ በውኃ ሲሟሟ የሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ ነው አለ። ላቦራቶሪ ፒ ኤች ብሎ የሚለካው ይህንኑ አዮን ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣ ነው። ቁጥሩ ከ6 ወደ 5 ሲወርድ ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ በ1923 ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ፥ ሳይመካከሩ፥ አሲድ የሃይድሮጂን አዮን ለሌላ የሚሰጥ ነው አሉ። ከዩሪያ የሚገኘው አሞኒየም እንዲህ ያለ ሰጪ ነው፤ ደቂቅ ሕዋሳት ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ሃይድሮጂኑ ለአፈሩ ይቀራል። ስለዚህ ዩሪያ ለብዙ ዓመት ሲጨመር አፈሩን ቀስ በቀስ ያኮመጥጠዋል።

ሦስተኛ፤ በዚያው በ1923 አሜሪካዊው ሉዊስ፥ አሲድ የኤሌክትሮን ጥንድ የሚቀበል ነው አለ። በዚህ ትርጓሜ አሉሚኒየም ሃይድሮጂን ባይኖረውም አሲድ ነው፤ ከውኃ ጋር ይያያዝና ውኃው ሃይድሮጂኑን እንዲለቅ ያደርገዋል። ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ይይዛል። የገዛችሁት ማዳበሪያ ሥራ የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አሲዱ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሸክላው ላይም ተሸሽጓል። ፒ ኤቻቸው እኩል የሆነ ሁለት ማሳዎች እንኳ እኩል ኖራ ላይፈልጉ ይችላሉ። ዝናም የሚያጥበው ተዳፋት ደጋ ካልሲየሙን እያጣ ይኮመጥጣል፤ እንደ ኮምቦልቻ ሜዳ ባለ ዝቅ ያለ ስፍራ የሚገኝ ጥቁር አፈር ግን ብዙውን ጊዜ ኖራ አይሻም።

ስለዚህ፦

1. ከማሳው ከልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉ፤ በልማት ሠራተኛው በኩል አስመርምሩ።

2. ኖራ ከታዘዘላችሁ ከመዝራት አንድ ወር ያህል አስቀድማችሁ እኩል በትኑ፤ አርሳችሁም ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ከዩሪያ ጋር ባንድነት አትበትኑት።

3. የበሰለ ፍግና ኮምፖስት ጨምሩ፤ አሉሚኒየሙን ይዘው ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ለጓሮ አትክልት የእንጨት አመድም ይረዳል።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፤ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። አንተም አፈሩ ሳይመረመር የኖራ መጠን አትዘዝ።