«ምች ነው» ከማለት በፊት

እንደሚታወቀው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ይበረታል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራና በማና ሽማግሌው ሳይቀር ከንጋት እስከ ምሽት ከማሳው ወደ ቡና ማስጫው ሲመላለስ ይውላል። በዚህ መካከል የአንድ አባወራ እጅ በድንገት ቢዝል፣ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ቢጣመም፣ በግቢው አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ምች መታቸው» የሚል ነው። ወዲያው ዳማከሴ ይታሻል፤ ክብሪት ተጭሮ ወደ አፍንጫቸው ይቀርባል፤ «እስኪነጋ እንያቸው» ይባላል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በሕክምና ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባኝ፣ ነገሩ በከፊል የቃል ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ሕመም በተሳሳተ ስም ሲጠራ ርዳታውም ይሳሳታል፤ በመካከሉ የሚባክነው ደግሞ ሰዓት ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ አደጋ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለፈነዳው ሥር ከተሰጠ ደግሞ ይገድላል። መደፈኑን ከመፍሰሱ የሚለየው ሲቲ ስካን እንጂ የማንም ግምት አይደለም። ስለዚህም ለስትሮክ ሕመምተኛ በቤት አስፕሪን አይሰጥም። መዋጥ ሊሳነው ስለሚችል ውኃም ቡናም ወደ አፉ አይቅረብ፤ ወደ ሳንባ ይገባልና። ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ።

መለየቱ ግን ሐኪም መሆንን አይጠይቅም። «ፈገግ ይበሉ» በሏቸው፤ ፊታቸው አንዱ ወገን ይወርዳልን? ሁለት እጃቸውን ያንሡ፤ አንዱ ይወድቃልን? አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ፤ ቃሉ ይኮላተፋልን? በዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፤ በኦሮምኛ ያደገን ሰው በአማርኛ አትፈትኑት። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ለጉዞ መነሣት ነው። ምልክቱ በግማሽ ሰዓት ቢጠፋም እንኳ «ተሻላቸው» ብሎ መቅረት አይገባም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የትልቁ አደጋ መልእክተኛ ነውና። ደኅና ሆነው በመጨረሻ የታዩበትንም ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ይህ ሕመም ሁልጊዜ ወዲያው አይገድልም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጽኑ ተመትተው አካላቸው ሽባ ሆነ፤ መናገርም ተሳናቸው፤ ያረፉት ግን በ1906 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው ነበር። በቡና ገበሬ ቤት እንደራሴ የሚሆነው ማን ነው? ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ፣ ይልቁንም ልጅቱ ናት።

የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ሃርት አታክ የሚሉት፣ ሌላ የሐሰት ስም አለው፤ «ጨጓራዬ ነው»። ደረትን እንደ ከባድ ጆንያ ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ እጥረት ያለበት ሥቃይ ከደቂቃዎች በላይ ከቆየ ጨጓራ ነው ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ግን ሥቃዩ ቀላል ሆኖ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው አይራመድ፤ ተደግፎ ይቀመጥ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ቁስል ያለበት ካልሆነ፣ የስትሮክም ምልክት ከሌለ፣ 300 ሚሊ ግራም አኝኮ ይዋጥ። ቢወድቅና መተንፈስ ቢያቆም፣ በደረቱ መካከል ሁለት እጅን ደራርቦ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰረጉድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ይህ አድካሚ ስለ ሆነ እየተፈራረቁ ነው።

መንገዱስ? ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አጋሮም ሊሙ ገነትም ሆስፒታል አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ካልደረሰ ባጃጅም ሆነ ቡና የሚጭነው አይሱዙ ይበቃል፤ መኪና በማይገባበት ቃሬዛ አለ፤ ጎረቤትም አለ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጩኸት የሚሰበሰብበት አገር መሸከም አይቸግረውም። ሰዓቱን የሚበላው ከጉዞው በፊት በግቢው ውስጥ ያለው ክርክር ነው።

ሕመሙ የሽማግሌ ብቻ ነው የሚለውም አያዋጣም። በአገራችን በልጅነት በቶንሲል ሰበብ የልባቸው በር የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። ፔኒሲሊን የሚገባውን ልጅ እንጥሉን አስቆርጦ ወደ ቤት መመለስ፣ ከዓመታት በኋላ ከተጎዳው ልብ የረጋ ደም ወደ አንጎል እንዲወጣ በር ይከፍታል። በትልልቆቹ ዘንድ ዋናው ጠላት የደም ግፊት ነው። አያምም፤ ስለዚህም ኪኒኑ «ተሽሎኛል» ተብሎ ይተዋል፤ በገጠሩም ቡናው በጨው ይጠጣል። ለዕረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወላጆቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስለኩ፤ የታዘዘ ኪኒን ካለም ስንት እንደ ቀረ ብልቃጡን ከፍታችሁ ቁጠሩ።